ሣሩ ይቅደም፣ ገብሱ ይደርሳል

ጋሪ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

እንስሳ ሳክም ዕድሜዬን ጨረስኩ። ከጥፋቶቼ አንዱን ልንገራችሁ። ገና ተመርቄ በወጣሁ ሰሞን አንድ ባለጋሪ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ከሲታ ፈረስ ይዞ መጣ። "ገብስ ጨምርለት" ብዬ ሸኘሁት። ምን ያህል እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰውየው አዝኖለት የዚያኑ ማታ ቁና ሙሉ ደፋለት። ሌሊት ጠርተውኝ ስሄድ ፈረሱ ይንከባለላል፣ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ከቁርጠቱ ተረፈ። ሰኮናው ግን ከውስጥ ተቆጥቶ ሁለት ወር አነከሰ። ባለቤቱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ይኼ ነው እስከዛሬ የሚከነክነኝ።

ፈረስን እንደ በሬ አትዩት። በሬ ያመሰኳል፣ ፈረስ አያመሰኳም። የትልቅ ፈረስ ጨጓራ እንኳ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው፤ የእኛ አገር ፈረስ ደግሞ ደቃቃ ነው። ቢበዛበት አስታውኮ አይገላገልም። ሣሩ የሚብላላው ወደ ኋላ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ገብስ በአንዴ በዝቶ እዚያ ከደረሰ ይኮመጥጥና ሆዱንም ሰኮናውንም ያበላሸዋል።

ስለዚህ ሣሩ ይቅደም። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። አብዛኛው ድርቆሽና ጭድ ይሁን፣ የሻገተ ግን አይቅረበው። ገብሱን ገርድፋችሁ፣ ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ፣ በአንድ ጊዜ ከኪሎ ሳታሳልፉ ስጡት። አዲስ መኖ ሲሆን ደግሞ ሳምንት አሥር ቀን ቀስ እያላችሁ አስለምዱት።

ፉርሽካ ርካሽ ስለሆነ እሱን ብቻ የምትሰጡ አላችሁ። ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙ ያንሳል፤ ሲቆይ የፈረሱ አጥንት ይሳሳል፣ ፊቱም ያብጣል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ከተገኘ ቀላቅሉበት። ጨው አትንፈጉት።

ተራ ስትጠብቁ ልጓሙን አውልቁለትና ትንሽ ድርቆሽ ይቃም። እናንተ ቡናችሁን እየጠጣችሁ እሱ ውኃ ሳያገኝ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሳይ ያናድደኛል። ከቆሻሻ ክምር አጠገብም አታስሩት፣ ፌስታል ይውጣል።

ጠዋት ፋንድያውን በእንጨት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የገብሱ ፍሬ እንዳለ ከወጣ፣ ወይም ሣሩን አላምጦ እንደ ኳስ ጠቅልሎ ከጣለው፣ ጥርሱ ሾሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ገብስ ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪም ይሞርድለት።