መልስ፦ «ፌይንት» ራስን መሳት ብቻ አይደለም

«በእንግሊዝኛ ፌይንት (faint) ማለት ራስን መሳት ከሆነ፣ ‹ፌይንት ላይት› ምን ሊሆን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ።

ግስ ሲሆን፣ አዎ፣ ራስን መሳት ነው። ቅጽል ሲሆን ግን ደካማ፣ ደብዛዛ ማለት ነው። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ክረምት ላይ በጉም ውስጥ ከሩቅ ጭል ጭል የሚለው አምፖል «ፌይንት ላይት» ነው። ሌሊት ከማዶ ስልል ብሎ የሚሰማው ቅዳሴ ደግሞ «ፌይንት ሳውንድ»።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አይ ፊል ፌይንት» ላይ ነው። ራሴን ስቻለሁ ማለት አይደለም፤ የሳተ ሰው መቼ ያወራል? «አዞረኝ፣ ልወድቅ ነው» ማለት ነው። በቀደም ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ግንባሯን ላብ አጠመቃት። «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለች። «ፊል ፌይንት» ይኼ ነው። ወዲያው ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች፤ ያ «ፌይንትድ» ነው። ሰው ክብሪት ፍለጋ ሮጠ። እባካችሁ፣ ክብሪቱን ተዉት! ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ስለሚቀንስ ነው፤ በጀርባ አስተኝቶ እግርን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ቶሎ ካልነቃች ሐኪም ቤት ነው።

«አይ ሃቨንት ዘ ፌይንተስት አይዲያ» ካሉህ ደግሞ «ቅንጣት ታህል አላውቅም» ማለታቸው ነው።