ዝም ያለች ድመት ሕመም የላትም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከሁለት ቀን በፊት ድመታችንን አስመክነን ወደ ቤት አመጣናት። ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ገብታ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፣ ስነካትም አትቧጭርም፤ እንዲያውም ስዳብሳት ያንን እንደ ማንኮራፋት ያለውን የደስታ ድምፅ ታሰማለች። ጎረቤቶቼ «ድመት ቁስሏን ራሷ ልሳ ትድናለች» ይሉኛል፤ እኔን ግን አላስቻለኝም። ሕመም እንዳለባት በምን ልወቅ? ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ከፍዬ ልስጣት ወይ?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር፣ አዘዞ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ፓራሲታሞሉን እባክዎ አይስጧት፤ ሩቡንም ቢሆን። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ የሰውን ራስ ምታት የሚያስታግሰው ኪኒን በእርሷ ደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበላሸዋል፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፤ አንድ ፍሬ ብቻ ሊገድላት ይችላል። አስቀድመው ሰጥተዋት ከሆነ ምልክቱ እስኪታይ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለድመት አደገኞች ናቸው።

አለመጮኋ አያጽናናዎት። ድመት አዳኝ ብትሆንም ከእርሷ በሚበልጡ አውሬዎች የምትታደን ስለሆነች፣ ሕመሟን ሆድ ይፍጀው ብላ መያዝ ተፈጥሮዋ ነው። የሚሰሙት ድምፅም የደስታ ብቻ አይደለም፤ የታመሙ፣ የፈሩና በምጥ ላይ ያሉ ድመቶችም ያሰሙታል። ስለዚህ ጆሮዎን ሳይሆን ዓይንዎን ይመኑ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚያነብ መለኪያ አሳትመዋል። የሚታዩት አምስት ነገሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ደህና የሆነች ድመት ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ፤ ሕመም ሲበረታባት ይራራቁና ወደ ጎን ይዞራሉ። ዓይኖቿ ይጨፈናሉ ወይም ይጠባሉ፤ ክብ የነበረው አፈሙዟ ተወጥሮ ይሞላለላል፤ ለስለስ ብሎ ጎበጥ ያለው ጢሟ ቀጥ ይላል፤ ራሷም ከትከሻዋ በታች ይወርዳል። ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ማስታገሻ ያስፈልጋታል ተብሎ ይታሰባል። እኔን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረኝ ጢሙ ነው፤ በተለይ በጥቁር ድመት ላይ ለመለየት ይከብዳል። ከተጠራጠሩ ዓይንና ጆሮዋን አጥብቀው ይመልከቱ።

አንገቷን ደፍታ መቀመጧን መጻፍዎ አሳስቦኛል፤ ይሁን እንጂ የጎንደር ሌሊት ስለሚበርድ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ በብርድ የተኮራመተች ድመትም ይህንኑ ልትመስል ትችላለች። አሮጌ ጋቢ አንጥፈውላት ከሞቃት በኋላ፣ ሳይነኳትና ሳይጠሯት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ፊቷን ይዩ። የስልክዎን ባትሪ ግን አያብሩባት፤ ብርሃኑ ራሱ ዓይኗን ያጠበዋል። ተኝታ፣ እየበላች ወይም ራሷን እየላሰች ባለችበት ጊዜ ነጥብ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ከራሷ ጀምረው ጀርባዋን በቀስታ ይዳብሱና ስፌቱን ሳይነኩ ወደ ሆዷ ይጠጉ፤ ዘወር ብላ እጅዎን ካየች፣ ሆዷን ካጠነከረች ወይም ከሸሸች መልሱን ሰጥታዎታለች።

የጎረቤቶችዎ ምክር ከቅን ልብ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ የድመት ምላስ ሸካራ ስለሆነ ስፌት ይፈታል፣ ቁስሉን ደጋግማ መላሷም የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ማምከን ሆድ ተከፍቶ ማሕፀንና እንቁልጢ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ነውና ለጥቂት ቀናት ማስታገሻ ይገባታል።

ሐኪሙ ሜሎክሲካም የተባለ ማስታገሻ ሊያዝላት ይችላል። ይህን ከመድኃኒት ቤት በራስዎ አይግዙ፤ 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን የሚሰጠው 0.15 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የሰው አንድ ኪኒን 7.5 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ሃምሳ እጥፍ ይሆናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ስለሆነች ሐኪም ማግኘት አይቸግርዎትም። የፊቷን አጭር ቪዲዮ ቀርጸው ይያዙ፤ ምን መርፌ እንደተወጋችና መቼ እንደሆነም ይጠይቁና ይጻፉ። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ ካልሸናች፣ አፏን ከፍታ ካለከለከች ወይም ድዷ ከነጣ ግን ቪዲዮም ሳይሉ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ።