ቫዮሊኑ ሲወጣ ቤታችን ይረበሻል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እዚሁ ብትወለድም አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በሱዙኪ ዘዴ ቫዮሊን ትማራለች። አስተማሪዋ ወላጅ አብሮ ክፍል እንዲገባ፣ ማስታወሻ እንዲይዝ፣ ቤትም በየቀኑ እንዲያለማምድ ትፈልጋለች። ይህ ሥራ የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ደስ ይለን ነበር። አሁን ሳጥኑን ስከፍት የልጄ ፊት ይጠቁራል። ባለፈው ሳምንት ደጋኑን ወርውራ ሶፋ ጥግ ተሸጎጠች። ጮህኩባት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ሲገባ ይህን ያያል። «ለቀቅ አድርጊያት፤ የራስሽን ምኞት ነው የምትጭኚባት» ይለኛል፣ እሷው ፊት። እውነቱን ለመናገር ልጅ ሳለሁ ክራር መማር እፈልግ ነበር። አባቴ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ከለከለኝ። ላቋርጣት ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ማልቀስን ብዙ እናቶች ያውቁታል። ብቻሽን አይደለሽም። ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል ለሚለው ግን ቶሎ አልመልስልሽም። አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽን አማርኛ እንዴት አስተማርሻት?

«ቡዋ» ስትልሽ ውሃውን ሰጠሻት። ሳምሻት። ለአያቷ ደውለሽ አሰማሽላት። «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» አላልሻትም። ቀኑን ሙሉ ስታወሪ ትሰማሽ ነበር፤ እሷም እንደ እናቷ ማውራት አማራት።

የዘዴው ፈጣሪ የጃፓናዊው ቫዮሊን አስተማሪ የሺኒቺ ሱዙኪ ሐሳብ የተነሳው ከዚሁ ነው። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ጃፓን፣ ናጎያ ተወለደ። አባቱ የቫዮሊን ፋብሪካ ነበረው። የጃፓን ልጆች ሁሉ ጃፓንኛን አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ታዲያ ሙዚቃንስ በዚያው መንገድ ለምን አይማሩም ብሎ አሰበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማትሱሞቶ ከተማ ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ወላጅን ክፍል ያስገባው ለዚህ ነው። ወላጅ የገባው ሊቆጣጠር አልነበረም። እንዲያውም በሱዙኪ አሠራር መጀመሪያ ቫዮሊኑን የምትይዘው እናትየዋ ናት። ትንሽ ትማራለች፣ ቤት ትለማመዳለች። ልጅየው ያያታል። ቆይቶ «ለእኔም ስጪኝ» ይላል። ያኔ ነው የእሱ ትምህርት የሚጀመረው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማስታወሻ ትይዣለሽ፣ ታለማምጃለሽ። አንቺ ራስሽ ቫዮሊኑን ይዘሽው ታውቂያለሽ? አይመስለኝም።

እስኪ ሞክሪው። አገጭሽን አስደግፊ። ግራ ክንድሽን ወደ ውስጥ አዙሪ። የቀኝ እጅሽን ትንሿን ጣት ደጋኑ ላይ አጠፍ አድርገሽ አሳርፊ። አሁን አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ «ክርንሽ! ጀርባሽ! ጣትሽ! እንደገና!» ይበልሽ። ሁለት ደቂቃ የምትታገሺው አይመስለኝም። ልጅሽ ይህን በየቀኑ ችላለች፣ ገና በ5 ዓመቷ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለራስሽ ቫዮሊን ተከራዪ። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች በወር ያከራያሉ። አስተማሪዋን «ለጥቂት ሳምንታት እኔም ልማር» በያት። ቤት ውስጥ ልጅሽ አስተማሪ ትሁን፣ አንቺ ተማሪ። ጣትሽን ታስተካክልልሽ። ስትሳሳቺ ትሳቅ። ያን የክራር ጉዳይም አብረሽ አስቢበት። ምኞትሽ ነውር የለውም። ልጅሽ ግን ልትሸከምልሽ አትችልም። ክራሩን ዛሬም ቢሆን ራስሽ መማር ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ የሱዙኪ ትምህርት እጅ በመንሳት ተጀምሮ እጅ በመንሳት እንደሚያልቅ ክፍል ውስጥ አይተሻል። ቤትም አድርጉት። ጎንበስ ስትሉ ይጀመራል። 5 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ 5 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ። ዛሬ ደጋን አያያዝ ከሆነ፣ ክርኗ ቢወርድም ዝም በይ። ዜማው ቢበላሽም ዝም በይ። እንደገና እጅ ስትነሱ አለቀ። ከዚያ በኋላ እራት ላይም ሆነ መኪና ውስጥ እርማት የለም። እኔ ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህችን ነው፤ ልጅ መጨረሻው የት እንደሆነ ካወቀች መጀመሩን አትፈራውም። የትምህርቱን የሙዚቃ ቅጂ ደግሞ ቁርስ ስትሠሪ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው። «ስሚ» አትበያት። ጆሮዋ ይሰማል።

ቅዱስ ያሬድን አስቢ። ከትሏ ጋር የሚተረከውን ሁላችንም የምናወሳው ስለ ትጋት ነው። የታሪኩን መጀመሪያ ግን እንዘለዋለን። ትምህርት አልገባ ሲለው አጎቱ መምህር ጌዴዎን ቀጡት፤ እሱም ጥሎ ጠፋ። ቅጣቱ አባረረው። የመለሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያት ነገር ናት፤ ትሏ እየወደቀች፣ እየወደቀች፣ በስተመጨረሻ ስትወጣ። አንቺም ልጅሽ ፊት ደጋኑን እያንሸራተትሽ፣ እየተሳሳትሽ፣ ስትደግሚው ትይሽ።

ባለቤትሽ ይህን ካነበበ ለእሱም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ልጅህ ተጨንቃለች። ግን እሷ ፊት እናቷን ስትናገር ልጅቷ መሃል ትገባለች። ቫዮሊኑን ስትጠላ ከአባባ ጎን የቆመች፣ ስትለማመድ ከእማማ ጎን የቆመች ይመስላታል። የምትለውን ልጅቷ ስትተኛ ተናገር። ያንተ ድርሻ ሌላ ነው። ማታ ስትገባ ጫማህን አውልቀህ ሶፋው ላይ ተቀመጥና «እስኪ አንዷን ተጫወችልኝ» በላት። አንዷን ብቻ። አጨብጭብላት። ምንም አታርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ይህን ሁለት ወር ያህል ሞክራችሁ፣ የትምህርቱ ቀን ሲደርስ ሆዷን የሚያማት ከሆነ፣ ወይም አስተማሪዋ የምታሳፍራት ከሆነ አቁሙት። አስተማሪ መቀየርም፣ ዓመት አሳልፎ መመለስም ይቻላል። 6 ወይም 7 ዓመቷ ላይ መጀመር አይረፍድባትም። ካንቺ ጋር ያላት ነገር ግን ለአንድ ዓመት ተቀምጦ አይጠብቅም።

ዛሬ ማታ ለልምምድ አትጥሪያት። አጠገቧ ተቀመጪ። «ባለፈው ጮህኩብሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ» በያት። የምትለውን ስሚ። ዝም ካለችም እቀፊያትና ተዪው። ነገ ሳጥኑን ስትከፍቺ ቫዮሊኑን አንቺ አንሺውና «ይሄን ደጋን እንዴት ነው የሚይዙት? አሳዪኝ» ብለሽ ጠይቂያት።