ቸርችል ዳገት ላይ ሞተሬ ለምን ይግላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዕቃ አድራሽ ነኝ። ከሜክሲኮ ተነስቼ ለገሃር፣ ፖስታ ቤት፣ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያ ፒያሳ። ውሎዬ ይኸው ነው። ሞተሬ ባለ 150 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ጠዋት ምንም አይለውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን፣ በተለይ አሁን በሚያዝያ ፀሐይ፣ ቸርችልን ስወጣ አቅም ያንሰዋል፣ እግሬን ይለበልበኛል። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ስደርስ ሳንቲም ያለበት ቆርቆሮ ሲወዘወዝ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ካጠፋሁት ቶሎ አይነሳም፣ ትንሽ ሲያርፍ ነው የሚነሳው። ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስስ ይላል። ጓደኞቼ ውሃ አፍስስበት ይሉኛል። ላፍስስ? ጥፋቱስ የፀሐዩ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃውን እንዳታፈስበት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ያ ቦታ ብቻውን ድንገት ይኮማተራል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ጭስስ ማለቱ ግን አያስደንግጥህ። እኛ ያለነው ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራም ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በውሃ ጠብታ አትለካው። እኔን ያሳሰበኝ የቆርቆሮው ድምፅና ሲሞቅ እምቢ ማለቱ ነው።

ፀሐዩን ደግሞ ብዙ አትውቀሰው። የአዲስ አበባ ቀን በሚያዝያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ድሬዳዋ በ35 ዲግሪ ያንተው ዓይነት ሞተር ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ልዩነቱ ንፋስ ማግኘቱ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ተደርድረው የምታያቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክቡ ናቸው፣ ቆመህ ሳለ ግን የሚረከባቸው የለም። ሜክሲኮ አደባባይ አሥር ደቂቃ ተነስተህ እየቆምክ ስትሳብ፣ ግራና ቀኝህ ደግሞ የሚኒባስ ጭስ ሲሆን፣ ኢንጂኑ ያመረተውን ሙቀት መልሶ ራሱ ነው የሚጠጣው። በዚያ ላይ አየራችን ሳሳ ያለ ነው፤ ባህር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። በሳሳ አየር ኢንጂኑ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፎቹም የሚያስረክቡት ሙቀት ይቀንሳል። ከዚያ ቸርችልን ትወጣለህ።

አሁን እጅህን እንይ። መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዘህ ነው የምትሳበው? ብዙ ልጆች እንደዚያ ናቸው። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩን በፍሪሲዮን አንጠልጥለው ያቆሙታል፣ ፍሬን ላለመያዝ። ያንተ ፍሪሲዮን የሚሠራው ኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ሲንሸራተት የሚያወጣው ሙቀት በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ያው ዘይት ደግሞ ፒስቶኑን የሚያቀዘቅዘው ነው። እባክህ ይህን ተው። ፊትህ ያለው መኪና አንድ ሜትር በተሳበ ቁጥር አትከተለው፤ ሁለት ሦስት የመኪና ቦታ ይከፈትና በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ለቀህ አንዴ ሂድ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋብህ ይሆናል። ይንፋ። ዳገት ላይ በኋላ ፍሬን ቁም። መብራቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደሚያቆምህ ካወቅህ አጥፋው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ መሥራቱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ቀጥሎ ወረድ ብለህ ክንፎቹን እያቸው። ባለፈው አንድ ልጅ እንዳንተው «ይግላል» ብሎ መጣ። የፊት መከላከያ ብረቱ ላይ ከዝናብና ከአቧራ እግሩን እንዲጠብቅለት ወፍራም ሸራ ከግራ ቀኝ ወጥሮ አስሯል። ሸራውን ፈታሁት። ከኋላው ያለው ሲሊንደር ክንፍ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ጭቃና የፈሰሰ ዘይት ተቀላቅለው፣ ምጣድ ላይ እንደደረቀ ሊጥ በክንፎቹ መሃል ተጋግረዋል። ሲቀዘቅዝ በቀጭን እንጨትና በብሩሽ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በብረት አትፋቀው፣ ክንፎቹ ይሰበራሉ። ልጁ በማግስቱ ደውሎ እግሩ እንደማይቃጠል ነገረኝ። ሸራ ካስፈለገህ ለክረምት አስረው፣ በበጋ ፍታው፣ ሲታሰርም የኢንጂኑ ፊት ክፍት ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርገህ የቆርቆሮው ድምፅ ካልጠፋ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤንዚን እንዲቆጥብልህ ብለህ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አስነክተሃል? ይህንን ደጋግሜ ስለማየው ነው። ልጁ «ቤንዚን ይበላል» ይላል፣ መካኒኩ ያሳንሰዋል፣ ለሁለት ሳምንት ደስታ ነው። ቤንዚኑ ከልክ በታች ሲያንስ ግን ቃጠሎው ይግላል፣ ዳገት ላይ ጭነት ሲመጣበት ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። ሳንቲም የመሰለህ እሱ ነው። ብዙ ከቆየ ፒስቶን ይበሳል። ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ጎማ ሲሰነጠቅም አየር እየሰረቀ ያው ችግር ይመጣል። ካንዴላውን (እሳት የሚጭርለትን) ፈትተህ ጫፉን እይ። ማኪያቶ ቀለም ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል፣ እሱ ኪስህን ይጎዳል እንጂ ኢንጂኑን አያግለውም።

ሲሞቅ የማይነሳው፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫልቭ (ለአየርና ለጭስ የሚከፈትና የሚዘጋው በር) ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ብረቱ በሙቀት ተለጥጦ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ትንፋሽ ያመልጣል። መካኒኩን አስተካክልልኝ በለው፣ ግን ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ይሁን። ትኩሱን ለክቶ «ጨረስኩ» የሚልህን አትመን።

ጥያቄ፦ የኔ ሞተር በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 250 ሲሲ ነው። ካዛንቺስ መጨናነቅ ውስጥ የሙቀት መብራቱ በራ። ራዲያተሩ ላይ የቧንቧ ውሃ ነው የምጨምረው። ክዳኑን ከፍቼ ልጨምር ስል አንድ ሰውዬ እጄን ያዘኝ። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውየው ከመቃጠል አድኖሻል። ውስጡ ያለው ውሃ ከመፍያው በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ስትከፍቺው ግፊቱ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ባንዴ ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይወጣል። የራዲያተሩ ቱቦ በእጅሽ ስትይዢው የማያቃጥልሽ እስኪሆን ድረስ ክዳኑን አትንኪ፤ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጠብቂ።

የቧንቧ ውሃ ለችግር ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም። እንደ ጀበና ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል፣ ዝገትም ያመጣል። ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግዢ። ያልተበጠበጠ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጪው።

መብራቱ የበራው ቆመሽ ሳለ ከሆነና መንገድ ሲከፈት ከጠፋ፣ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥሪ። ስትሄጂ ንፋሱ ይበቃዋል፣ ስትቆሚ ግን ያለው ፋኑ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ አስነስተሽ አቁሚውና ጠብቂ። ሙቀቱ ጨምሮ ፋኑ ካልተነሳ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ፋኑን የሚያስነሳውን የሙቀት ስዊች አሳዪ። የራዲያተሩ ፊት በነፍሳትና በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነም ተመልከቺ፤ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቢው፣ በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ቀጫጭኖቹ ክንፎች ይታጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚሠራው በሞተር ነው። ለመኪናዬ የገዛሁት ጥሩ ዘይት ተርፎኛል። ሞተሩ ላይ ቢጨምረው ምን ይለዋል?

መልስ፦ አባቴ፣ ለመኪናዎ ያስቀምጡት። ብዙ የመኪና ዘይት እንዲያንሸራትት ተብሎ የተጨመረበት ነገር አለ። የሞተሩ ፍሪሲዮን ያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ይበላል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ የሞተር ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው) የሚል ይፈልጉ። ውፍረቱን አምራቹ በመመሪያው ከጻፈው አያሳልፉ፤ አንዳንዶቹ የህንድ ሞተሮች 20 ደብሊው 50፣ ብዙዎቹ የሆንዳ ሞተሮች 10 ደብሊው 30 ይላሉ።

ከዓይነቱ ባልተናነሰ ልኩ ነው የሚያሳስበኝ። ባለ 150 ሲሲ ሞተር የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያህል ሲጎድል አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው፣ የቀረው ያንኑ ሙቀት ሊሸከም። እኔ በወጣትነቴ ስታዲየም ጋ ሞተሬ ተጣብቆ የቆመብኝ በዚህ ነው። ከታች የሚንጠባጠብ አልነበረም፣ ጭስም አላየሁም። ለሁለት ወር ዘይቱን ሳላይ ነዳሁት፣ በቃ። ሲሊንደሩ ሲከፈት ውስጡ ከላይ እስከ ታች ተጭሮ ነበር።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ሞተሩን ሦስት ደቂቃ ያስነሳ፣ ያጥፋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የዘይቱን ልክ ይይ። በጎን ማቆሚያው ተጋድሞ ካየው ይዋሸዋል።