ሥዕል በኮድ ሲዞር አሳላፊነቱ ለምን ይጠፋል? ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከላሊበላ፣ ከወልድያና ከሐይቅ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፤ ባክግራውንዱ የተነሣለት ሥዕል በኮድ ሲዞር ያልተፈለገ ቀለም ይዞ ይወጣል። «አሳላፊ» የምለው ትራንስፓረንት የሚባለውን ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ ያዘጋጀሁትን የላሊበላ መስቀል በፓይተን፣ ፒሎው በሚባለው ላይብረሪ 30 ዲግሪ አዞርኩት። ማዕዘኖቹ ጠቆሩ፤ በመስቀሉ ቀዳዳዎችም የካርዱ ቀለም አይታይም። ጥፋቱ የማዞሪያው ትእዛዝ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድም ዓለም፤ ትእዛዙ የተሰጠውን ነው ያዞረው። አሳላፊነት ቀለም አይደለም። እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ የሚይዘው አራተኛ ቁጥር ሲሆን አልፋ ይባላል፤ 0 ሲሆን ፒክስሉ ፈጽሞ አይታይም፣ 255 ሲሆን ከኋላው ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ሥዕልህ ከመዞሩ በፊት ወደ አርጂቢ (ሦስቱን ቀለሞች ብቻ ወደሚይዘው ዓይነት) ተለውጦ ስለነበር አራተኛው ቁጥር ተጥሏል፤ በዚህም ምክንያት ቀዳዳዎቹ ከሥር ተደብቆ የነበረውን ቀለም አወጡ፣ በመዞሩ የተፈጠሩት ባዶ ማዕዘኖችም በዜሮ ተሞሉ፤ በአርጂቢ ደግሞ ዜሮ ማለት ጥቁር ነው። ዋናውን ፋይል እንደከፈትህ ወደ አርጂቢኤ (አልፋንም ጨምሮ ወደሚይዘው ዓይነት) ቀይረው፣ ከዚያ አዙረው። ያው ዜሮ በአርጂቢኤ አልፋውንም ዜሮ ስለሚያደርገው ማዕዘኖቹ አሳላፊ ሆነው ይወጣሉ። ፓሌት (የተወሰኑ ቀለሞች ዝርዝር) የሚጠቀም ፒኤንጂም ቢሆን ሳይዞር በፊት እንዲሁ መለወጥ አለበት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በአርጂቢኤ አዙሬ በስክሪን ሳየው ትክክል ነበር፤ ካስቀመጥኩት በኋላ ግን ባክግራውንዱ ጥቁር ሆነ።

መልስ፦ ያስቀመጥኸው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ለአልፋ ቦታ የለውም። በፒኤንጂ ወይም በዌብፒ አስቀምጠው። ጂአይኤፍ አሳላፊነት ቢኖረውም ፒክስሉ ወይ ይታያል ወይ አይታይም እንጂ በመካከል ያለ ደረጃ ስለማይዝ፣ የዞረ ሥዕል ጠርዝ በእርሱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የሥዕሉ ጫፎች ተቆርጠው ይቀራሉ።

መልስ፦ ፒሎው ካልታዘዘ በቀር የሸራውን ስፋት አይለውጥም። ሸራውን የሚያሰፋውን ኤክስፓንድ የሚለውን ምርጫ እውነት (True) አድርጊው። 400 በ300 የሆነ ሥዕል 30 ዲግሪ ሲዞር ወደ 497 በ460 ገደማ ይሰፋል፤ በካርዱ ላይ የምታስቀምጪበትን ነጥብም ከመሃሉ አስልተሽ ማስተካከል ይኖርብሻል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የማዞሪያውን ኮድ ራሴ ጻፍኩት፤ ጠርዙ እንዲለሰልስ የአጎራባች ፒክስሎችን አማካይ እወስዳለሁ። የነጭ ነጠላ ሥዕል ሳዞር ግን ዙሪያውን ግራጫ መስመር ይከበዋል። አልፋውን በሚገባ ይዣለሁ።

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ጥያቄ የአንቺ ነው፤ ብዙ ሰው አልፋውን ከያዘ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከነጠላው ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ፒክስል እንውሰድ፤ ቀለሙ 255፣ አልፋውም 255 ነው። ጎረቤቱ አሳላፊ ነው፤ አልፋው 0 ቢሆንም ቀለሙ በፋይሉ ውስጥ ጥቁር፣ ማለትም 0 ተብሎ ተጽፏል። ቀለሙንና አልፋውን ለየብቻ ስታማክዪ አልፋው 128 ገደማ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቀለሙም 128 ይሆናል፣ እርሱም ግራጫ ነው። ማንም ሊያየው የማይገባ ጥቁር በአማካዩ ውስጥ እኩል ድርሻ አገኘ። መፍትሔው ከማማከል በፊት ቀለሙን በአልፋው ማባዛት፣ አማካዩን መውሰድ፣ በመጨረሻም በአዲሱ አልፋ መልሶ ማካፈል ነው፤ ያን ጊዜ የማይታየው ፒክስል ድርሻው ዜሮ ይሆንና ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 እ.ኤ.አ. ሥዕልን በሥዕል ላይ ስለመደረብ ባወጡት ጽሑፍ ቀለምን በአልፋ አባዝቶ መያዝን መሠረት አድርገዋል። ፒሎው በባይኩቢክ ስልት (የአጎራባች ፒክስሎችን አማካይ በሚወስደው) ሲያዞር ይህንኑ ራሱ ይፈጽማል፤ ሳይነገረው የሚጠቀምበት ስልት ግን ኒረስት (የቅርቡን አንድ ፒክስል ብቻ የሚወስደው) ስለሆነ ጠርዙን ያሻክረዋል፤ ስለዚህ ባይኩቢክን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በፒኤችፒ ቋንቋስ፣ ጂዲ በሚባለው የሥዕል ላይብረሪ ሳዞር አሳላፊነቱን እንዴት ልጠብቅ?

መልስ፦ በጂዲ አልፋ የተገላቢጦሽ ነው፤ 0 ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ 127 ፈጽሞ አሳላፊ ነው። ለማዞሪያው ትእዛዝ የባክግራውንድ ቀለም ስትሰጥ አልፋው 127 ይሁን፤ ፒኤንጂውን ከማስቀመጥህ በፊትም የአልፋ ብሌንዲንግን (ቀለሙን ከሥሩ ካለው ጋር የሚያዋሕደውን) አጥፍተህ ሴቭ አልፋን (አልፋውን በፋይሉ የሚያስቀምጠውን) አብራ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የሚሽከረከር መሶብ እየሠራሁ ነው። በየፍሬሙ 5 ዲግሪ አዞረዋለሁ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ የስፌቱ መስመር ይደበዝዛል፣ ሸራውም እያደገ ይሄዳል።

መልስ፦ የዞረውን መልሰህ ስለምታዞር ነው። እያንዳንዱ ማዞር አዲስ ማማከል ነውና ብዥታው ይደራረባል፤ ኤክስፓንድም በሰፋው ሸራ ላይ ሌላ ስፋት ይጨምራል። ዋናውን ሥዕል ሳትነካ አስቀምጠህ፣ በሦስተኛው ፍሬም ከእርሱ 15 ዲግሪ፣ በአራተኛው ከእርሱ 20 ዲግሪ አዙር። በ90፣ በ180ና በ270 ዲግሪ ላይ፣ ኤክስፓንድ እስከበራ ድረስ፣ ፒክስሎቹ ቦታ ብቻ ስለሚለዋወጡ ምንም ብዥታ አይኖርም።