ስልክህ አልተበላሸም፣ ክሩም አልተቀየረም

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዓይንን የሚከሱ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ሙሉ ጨረቃ በጅሬን በኩል ስትወጣ ሰፌድ ታክላለች። ፎቶ ሳነሳት ግን ነጥብ ሆና ትቀራለች። የዶርም ልጆች «ፎርጅድ ስልክ ነው የያዝከው» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። ችግሩ ስልኬ ነው ወይስ ዓይኔ?
*ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ*

መልስ፦ ስልክህ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ንጹህ ነው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ስለተሠራ ሩቅ ያለውን ሁሉ ያሳንሳል፤ ያንን እንተወው። ጨረቃ ስትወጣ አንድ፣ ከአናትህ በላይ ስትደርስ ሌላ ፎቶ አንሳ። ዙሙን እንዳትነካ። ከዚያ ሁለቱን አስተያያቸው። ስፋቷ ያው ነው።

ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ቦታ ሁልጊዜም ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ክንድህን ዘርጋና በትንሿ ጣትህ ጫፍ ጋርዳት፤ ስትወጣም ትሸፈናለች፣ እኩለ ሌሊትም ትሸፈናለች። የሚገርመው፣ ስትወጣ እንዲያውም በጥቂቱ ታንሳለች። ከአናትህ በላይ ስትሆን ከመውጫዋ ሰዓት ይልቅ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርብሃለች፤ ከምድር መሃል እስከ ገጿ ያለውን ርቀት ያህል ማለት ነው። አማካይ ርቀቷ 384,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዓይን አይለይም። ቢለይም በተቃራኒው ነበር።

ታዲያ ሰፌዱ ከየት መጣ? ከአንጎልህ። ዓይን መለኪያ ይዞ አይዞርም፤ ያየውን ከአጠገቡ ካለው ጋር ያነጻጽራል። በጅሬን በኩል ስትወጣ ከፊቷ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ ኮረብታው አለ። አንጎል እነዚህን አይቶ «ከዚህ ሁሉ ወዲያ ሆና እንዲህ ከታየች በጣም ትልቅ ናት» ይላል። ከአናት በላይ ስትሆን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ዛሬም ይከራከራሉ። ነገሩ የሰው አስተያየት እንጂ የጨረቃ ለውጥ እንዳልሆነ ግን ከ1,000 ዓመት በፊት ካይሮ ይኖር የነበረው ኢብን አል ሃይሰም ጽፎታል።

መሞከር ከፈለግክ ደብተር ጠቅልለህ በቀዳዳው ብቻ እያት። ዛፉና ጣሪያው ሲጋረድ ብዙ ሰዎች ጨረቃዋ ስትቀንስ ያያሉ። ጎንበስ ብሎ በእግር መሃል ማየትም ይሠራል፤ የዶርም ልጆች ሳያዩህ ብቻ አድርገው! ይህን ሁሉ አውቀህም ግን በሚቀጥለው ወር ሰፌድ ሆና ትወጣልሃለች። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ሰፌድ ናት።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለደንበኛዬ ቀሚስ ክር ልገዛ ጨርቁን ይዤ ሂርማታ ሄድኩ። ሸራ ሥር ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ክሩን ከጨርቁ ጋር አጠጋግቼ አየሁት፤ ፍጹም አንድ ነበር። ቤቴ በር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ክሩ ወደ ቡኒ፣ ጨርቁ ወደ ቀይ ሄደ። ቀይሮ ሰጥቶኛል ብዬ ተጣላን። እሱ ደግሞ ምሎ ይገዘታል።
*ስሜ ይቆይ፣ ጅማ*

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጁ ጋር ታረቂ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ብቻ ነው። ክሩና ጨርቁ የተነከሩበት ማቅለሚያ ሲለያይ፣ በአንድ ብርሃን ሦስቱን ሕዋሳት እኩል ይነኩና አንድ መስለው ይታያሉ። ብርሃኑ ሲቀየር እኩልነቱ ይፈርሳል። ሸራው ሥር ያለው ብርሃን የፀሐይ ብርሃን አይደለም፤ ሸራው ያሳለፈው ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ አንድ ሆኖ መታየቱም፣ ደጃፍሽ ላይ መለያየቱም ውሸት አልነበረም።

«ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ለምን ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆኖ አልታየኝም?» ትይ ይሆናል። መጀመሪያ ይታይሻል፤ ትንሽ ስትቆዪ አንጎል የሸራውን ቀለም ይቀንሰዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ባይሆን ኖሮ ቲማቲም እንኳ መግዛት ይቸግረን ነበር። ግን አንጎል ብርሃኑ ምን እንደሆነ ሲጠፋው ይገምታል፤ ሁሉም ሰው ደግሞ እኩል አይገምትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለምን ያነታረከችውን የቀሚስ ፎቶ ታስታውሺያለሽ? ባለቤቴ ነጭና ወርቃማ ናት ብላ ሙጭጭ አለች። ልጄ ሰማያዊና ጥቁር ናት አለ። ቀሚሷ በእውን ሰማያዊና ጥቁር ነበረች፤ ባለቤቴ ግን ዛሬም አልተቀበለችም። ሁለቱም ዓይናቸው ጤነኛ ነው።

ከእንግዲህ ክር ስትመርጪ ጨርቁንና ክሩን ይዘሽ ከሸራው ውጪ ውጪ። ቀሚሱ ለማታ ሰርግ ከሆነ አምፖል ሥርም እዪው። «ደጅ ላውጣው» ስትይው የሚከለክል ነጋዴ ካጋጠመሽ፣ ያኔ ብትጠረጥሪ አልፈርድብሽም።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሳችን ቆሞ ሳለ አጠገባችን ያለው ሲነሳ እኛ ወደኋላ የሄድን ይመስለኛል። ወንበር ሁሉ እጨብጣለሁ። የጭንቅላት በሽታ ይሆን?
*የአዲስ አበባ ተመላላሽ*

መልስ፦ አይደለም። መስኮቱን የሞላው ነገር በሙሉ አብሮ ሲንቀሳቀስ፣ አንጎል «የምንቀሳቀሰው እኔ ነኝ» ብሎ ይወስናል። በአብዛኛው ልክ ነው። ሲያጋጥምህ አውቶቡሱን ሳይሆን መሬቱን ወይም የመናኸሪያውን አጥር እይ፤ ወዲያው ይለቅሃል። ሾፌሮችም ቆመው ሳለ ደንግጠው ፍሬን ሲረግጡ አይተህ ከሆነ፣ የሆነባቸው ያው ነው።