የጎማ ጀልባ አያያዝ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባሕር ላይ በሸራ ጀልባ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የኔ ኃላፊነት ትንሿ የጎማ ጀልባ ነበረች። መልሕቅ ጥለን ስንቆም ወደ የብስ የምታደርሰን እሷ ነች። አሁን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የራሴ ባለ 2.7 ሜትር ጎማ ጀልባ ቆጥ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሲመቸኝ ባቦጋያ ወይም ላንጋኖ ይዣት እወርዳለሁ። መኪናዬ ላይ ሲያዩዋት ጠያቂው ብዙ ስለሆነ፣ የተጠራቀመውን በአንድ ላይ ልመልስ።

ጋሼ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ እንኳ ውሃ ሳይነካ የጀልባዬ መጋጠሚያ ለቀቀ። የማስቀምጠው ሰርቪስ ቤት፣ ቆርቆሮው ሥር ነው። ምን አጠፋሁ?

መልሱን ራስህ ተናገርከው። የጎማ ጀልባ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ውሃ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ማጣበቂያው ይላላል። ላዩ ላይ እርጥብ ጠቅልለኸው ከሆነ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሻጋታ ነው።

እኔ የማደርገው ይኼ ነው። ከሐይቅ ስመለስ እንደተነፋች ግቢ ውስጥ አጥባታለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው ብላችሁ አታመካኙ፣ ሁለት ጀሪካን ይበቃል። ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ፣ በቃ። በረኪናና ቤንዚን አይነካትም። ወለሉና ቱቦው የሚገናኙበት ጥግ ውስጥ አሸዋ ይደበቃል፤ ስትጠቀለል ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። እሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣዋለሁ። ከዚያ ጥላ ላይ ግማሽ ቀን ትደርቃለች፣ ጥጋጥጉን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ የሕፃን ፓውደር ነስነስ አድርጌ ላላ አድርጌ እጠቀልላታለሁ። ሁልጊዜ በአንድ መስመር አትጠፏት፤ የምትሰነጠቀው እዚያው እጥፋቱ ላይ ነው። በክረምት አንድ ሁለቴ አውጥታችሁ አናፍሷት።

ካዛንቺስ ድርቅ አድርጌ ነፍቼ ፒክአፕ ላይ ጫንኩት። ላንጋኖ ስደርስ ልፍስፍስ ብሏል። ቀዳዳ ብፈልግ ብፈልግ የለም።

የለማ! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ላንጋኖ 1,600 ገደማ። ወደ ታች ስትወርድ የውጪው አየር ግፊት ይጨምርና ጀልባውን ይጨምቀዋል። ካላመንክ እዚህ ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑን ግጥም አድርገህ ይዘህ ውረድ። ላንጋኖ ስትደርስ ጭምድድ ብሎ ታገኘዋለህ። መለኪያህ ላይ 0.25 ባር የነበረው ወደ 0.18 ቢወርድ አይግረምህ። ሐይቁ ዳር ሙላው። ስትመለስ ግን የጨመርከውን ማስተንፈስ አትርሳ፤ ሽቅብ ስትወጣ ይወጠራል።

ፀሐይም እንደዚያው ናት። ጠዋት በብርዱ 0.25 የነፋኸው ቀትር ላይ 0.3 ሊያልፍ ይችላል። ምሳ ልትበላ ስትወጣ ትንሽ አስተንፍስ፣ ወይ ጥላ ሥር ጎትተው።

ጎሚስታ ቢደፍንልኝስ? ቤታችን አጠገብ አለ፣ ኮምፕሬሰርም አለው።

እመቤቴ፣ ኮምፕሬሰሩን እንኳን አያስጠጉት። የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ ይሞላል፤ የጀልባዎ ቱቦ የሚፈልገው የዚያን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። በእግር የሚረገጠው ፓምፕ ይሻልዎታል። የጎሚስታ ማስቲሽም ለካላማዳሪያ እንጂ ለፒቪሲ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ለጊዜው ይይዝና ውሃ ላይ ይላቀቃል። መጀመሪያ ጀልባዎ ፒቪሲ ይሁን ሃይፓሎን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ይወቁ፣ ማጣበቂያቸው ይለያያል። ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ያግኙ። ልጣፊው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ይለፍ። አየሩን አውጥተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይለጥፉት፣ አንድ ቀን ሙሉም አይንፉት።

የባሕር ሥራ ልጀምር ነው። የሸራ ጀልባ ላይ ጎማዋ የት ነው የምትቀመጠው?

ጉዞው ረጅም ከሆነ አየሯ ወጥቶ፣ ተጠቅልላ፣ ታስራ። አጭር ከሆነ ከፊት በኩል፣ በምሰሶው ፊት፣ ተገልብጣ ተደፍታ። ኋላ ላይ በሁለት የብረት ክንድ የሚያንጠለጥሏትም አሉ፤ ወደብ ላይ ምቹ ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ግን አልወደውም። መጎተት የሰነፍ ዘዴ ነው። ባሕሩ ጸጥ ካለ ይሁን፣ ሞተሯን ግን መጀመሪያ አውርድ፤ ነፋስ ገልብጧት ሞተር ጨው ሲጠጣ አይቻለሁ። ካፒቴኑ ወደኋላ ሊነዳ ሲል ደግሞ ገመዷን ሰብስበህ ያዝ። ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ጠልቆ የሚፈታው አዲሱ ልጅ ነው፣ ማለትም አንተ። ማታ ማታ ከውሃው ብድግ አድርጋችሁ ከጎን እሰሯት። አልጌና ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር አይለጠፍባትም፣ ሌባም አይፈታትም። ጠዋት ጠዋት ጨዉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃት።

ከአይጥ እንዴት ትጠብቃታለህ?

ይኼን የጠየቀው የተቃጠለ ሰው ነው። እኔም ተቃጥያለሁ። አንድ ጊዜ ልጆቹ ቆሎ በልተው ፍርፋሪው ወለሏ ላይ ቀርቷል፤ ሳላየው ጠቀለልኳት። ለጥምቀት ስፈታት ተጠቅልላ ስለነበር አንዱ ንክሻ አምስት ቦታ ቀዳዳ ሆኗል፣ በሰልፍ፣ እኩል እኩል ተራርቀው። አሁን ቦርሳዋ ከቆጡ ማገር በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው። ድመትም አምጥቻለሁ። የምትተኛው ግን ቦርሳው ላይ ነው፤ ጥፍሯንም የምትስለው እዚያው ነው።